ዘፈኑን ዝቅ ላደረጋችሁልኝ ሁሉ

የማርቆስ፣ የደጀን፣ የፍኖተ ሰላም፣ የሞጣ፣ የባሕር ዳር ወገኖቼ፣ እንዲሁም በየአላችሁበት ያላችሁ፤ ጤና ይስጥልኝ።

የሆነውን ታውቁታላችሁ። እየተወንኩ የምዘፍንበት ጉሮሮዬ ላይ የወጣው እባጭ፣ ቀዶ ሕክምናው፣ ዝምታው። ከኔ ቀድማችሁ ሰምታችሁ እኔኑ ያጽናናችሁኝ ስላላችሁ ታሪኩን ደግሜ አላሰለቻችሁም። ዛሬ የተነሳሁት ለማመስገን ብቻ ነው። ቅደም ተከተል ግን አትጠብቁብኝ። ከሕመሜ በኋላ ከተጫወትኩበት ከቅዳሜው ትርኢት ወዲህ አንዱን ስጽፍ ሌላው ትዝ እያለኝ ወረቀቱን በእንባ አበላሽቼዋለሁ።

ከሁሉም አስቀድሜ የዋሽንት ተጫዋቻችንን ላመስግን። ስማቸውን እንዳልጽፍ አስምለውኛል። ቡድኑ ውስጥ ሁላችንም «አያ» ነው የምንላቸው፤ እዚህም አያ እላቸዋለሁ። የሚያውቋቸው ያውቋቸዋል።

ከሕክምናው በኋላ መጀመሪያ ልምምድ የገባሁ ቀን ነው። የታችኛው ድምፄ አለ። መሃሉም አለ። ላይኛው ጋ ስደርስ የሚወጣው አየር ብቻ ሆነ። ደገምኩት። አሁንም አየር። ከዚያ የማጽናናት ዶፍ ወረደብኝ። «አይዞሽ፣ ይመለሳል!» «ገና እኮ ነው!» «ትንሽ ታገሺ!» ሁሉም ከልቡ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን «ይመለሳል» ሲደጋገምበት ሰው ምን እንደሚሰማው የታመመ ያውቀዋል። ካልተመለሰስ? ማንም አይልም።

አያ ዋሽንታቸውን በጨርቋ እየጠቀለሉ፣ «ለምን ዘፈኑን አናወርደውም?» አሉ። የዘፈኑን ቃና ለድምፄ ዝቅ እናድርገው ማለታቸው ነው። በቃ፣ ይችኑ ነው ያሉት።

ሙዚቃ ውስጥ ላልገባ ሰው ይሄ ቀላል ነገር ሊመስለው ይችላል። ለኪቦርዱ ቀላል ነው፤ አንድ ቁልፍ ተጭነህ ትጨርሳለህ። ማሲንቆም ያው አንድ ጭራዋን ላላ ማድረግ ነው። ክራርም ክሮቹ ይላላሉ። ዋሽንት ግን አይላላም። አንዴ የተበሳ ተበስቷል። ድምፁን የሚወስነው የሸምበቆው ቁመት ነው፤ አጭሩ ቀጥኖ ይጮኻል፣ ረጅሙ ይወፍራል። ቃናው ይውረድ ከተባለ ረዘም ያለ ሌላ ዋሽንት ያስፈልጋል። ስለዚህ ያ ሐሳብ ከሁላችንም ይበልጥ የሚያደክመው ያመጡትን እሳቸውን ነበር። ይህን ደግሞ እያወቁ ነው ያሉት።

ሌሎች ዋሽንቶችም ነበሯቸው። አንዱም ከኔ ድምፅ ጋር ልክ አልመጣም። ጨሞጋ ወንዝ ዳር ወርደው ሸምበቆ ቆርጠው መጡ። ጥላ ሥር አቆይተው ካደረቁት በኋላ አስጠሩኝ። ግቢያቸው ስደርስ ብረቱ ፍም ላይ ግሏል። ሸምበቆውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በጣታቸው ይለካሉ፤ ሜትር የለ፣ ማስመሪያ የለ። የጋለውን ብረት ሲያሳርፉበት ጭሱ ቱፍ ይላል፣ የተቃጠለ ሸምበቆ ይሸታል፣ አንድ ቀዳዳ ይወጣል። ይነፉታል። «እስቲ በይ» ይሉኛል። እላለሁ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የመጀመሪያው ተጣለ። ቀጥሎ ያለው መሃል ላይ ተሰነጠቀ። እኔ «ይቅር አያ፣ አይድከሙ» ስል እሳቸው ሌላ ሸምበቆ አንስተው ጀምረዋል። በኋላ አራቱም ቀዳዳ በቦታ በቦታው ሆነና እኔ ያወጣሁትን ድምፅ ዋሽንቱ አብሮኝ አወጣው። አለቀስኩ። አያም ዓይናቸውን ጠረጉ። «ጭሱ ነው» አሉ።

በዚህም አላበቃም። ዋሽንት ሲረዝም ቀዳዳዎቹ ይራራቃሉ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ብርድ ሲሆን ጣታቸው እሺ አይላቸውም፤ የማርቆስን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ዕድሜ ልካቸውን የለመዱትን ትተው እንደ ጀማሪ ጣት መዘርጋት ተለማመዱ። ስንቴ ቀድሜ ገባሁ ብዬ አዳራሽ ስገባ ብቻቸውን ተቀምጠው ሲነፉ አግኝቻቸዋለሁ። ለኔ ሲሉ እንደሆነ አንድም ቀን አልነገሩኝም። «ይሄኛው ወፍራም ነው፤ ወደድኩት» ነው የሚሉት።

አያ፣ ይሄን ሲያነቡልዎት እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። ግን ስምዎን አልጻፍኩም። ሙያዬን በእጄ የመለሱልኝ እርስዎ ነዎት። ሐኪሞቹ ጉሮሮዬን አዳኑት፤ መድረኩን የሰጡኝ ግን እርስዎ ነዎት። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ሐኪሞቼንና ነርሶቹን በሙሉ አመሰግናለሁ። የድምፅ ልምምድ ያሠራሽኝ እህቴም፣ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ስትሮ ከትቼ በስትሮው ሳዜም ከኔ ጋር አብረሽ ስቀሻል፤ አረፋው ፊቴ ላይ ሲረጭ «በርቺ፣ ጥሩ ነው» ትይኝ ነበር። ለማያውቅ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። የድምፅ አውታር ሳይጨነቅ ሥራ እንዲጀምር የሚያደርገው ግን እሱ ነበር።

እናቴ። ስለሷ ብዙ መጻፍ አልችልም። ልሞክር።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መናገር ተከልክዬ ነበር። ሹክሹክታም ጭምር። ሹክሹክታ ጉሮሮ የሚያሳርፍ የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ ለካ እሱም የድምፅ አውታሩን ያስጨንቀዋል። እና በደብተር ነበር የምንነጋገረው። እኔ «ውሃ» ብዬ እጽፋለሁ። እናቴ መነጽሯን ትፈልጋለች። መነጽሩ አልጋው ሥር ይገኛል። እስክታነበው እኔ ራሴ ቀድቼ ጠጥቼ ጨርሻለሁ። ከዚያ ትቆጣኛለች፤ «ምነው ብትነግሪኝ!» በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ያሳቀችኝ እሷ ናት። ሌሊት ስነቃ ግን ሁሌም ተቀምጣ ነው የማገኛት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ለቅዱስ ማርቆስ ጃንጥላ ተስላ እንደነበር የሰማሁት በቅርቡ ነው።

እማዬ፣ በቃ። ሌላውን ፊት ለፊት እነግርሻለሁ።

ድምፄን በጠበል፣ በማር፣ በዝንጅብልና በጤና አዳም ልትመልሱልኝ የደከማችሁ ጎረቤቶቼን ሁሉ አመሰግናለሁ። የጎጃም ማር እንኳን ለጉሮሮ ለምን አይሆንም! ፌጦ ያመጣሽልኝ ጎረቤቴ ግን፣ ሐኪሙ ስላልፈቀደ ሳልወስደው ቀርቻለሁ፤ አትቀየሚኝ። አረቄ ጉሮሮ ያጥባል ያልከኝ የሠፈራችን ልጅ፣ አንተን አላመሰግንህም።

ታምሜ በነበረበት ጊዜ የኔን ገጸ ባሕርይ ይዛ የተጫወተችው ታናሽ እህቴ ለብቻዋ መመስገን አለባት። የሰው ቦታ ይዞ መጫወት ቀላል አይደለም። ሕዝቡ እኔን ጠብቆ መጥቶ አንቺን ሲያይ የሚያጉረመርመውን ሰምተሻል፤ አንገትሽን ሳትደፊ ዘፍነሻል። ስመለስ ደግሞ ልብሱን አጥበሽ፣ ተኩሰሽ፣ ጥለቱን ሰፍተሽ አስረከብሽኝ። በኛ ሙያ ይሄን ስንቱ ያደርጋል? በሙያው የቆየ ያውቀዋል። የሚቀጥለው ተውኔት ያንቺ ነው፤ ለአዘጋጁም ነግሬዋለሁ።

አብሮኝ ባል ሆኖ የሚጫወተው ወንድሜም አለ። ዘፈኑ ለኔ ሲወርድ ለእሱ ጉድጓድ ነው የገባው። የሁለታችንን ቅብብል ሲዘፍን ከደረቱ ሥር እየቆፈረ ነው የሚያወጣው። ቅዳሜ ዕለት የመጨረሻዋን ስንኝ ሊይዛት ሲል አገጩ አንገቱ ውስጥ ገብቶ ነበር። ለተመልካች ያዘነ ባል መሰለው። እኔ ግን ሳቄን ለመያዝ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ሕዝቡ ያለቀስኩ መስሎት አጨበጨበ። ወንድሜ፣ ውለታህ አለብኝ።

ለተቀባዮቹ፣ ለማሲንቆውና ለክራሩ፣ ለመብራት፣ ለድምፅ፣ ለአልባሳት፣ ለሜካፕ ባልደረቦቼ በሙሉ፤ ሁላችሁንም እወዳችኋለሁ።

አሁን ወደ ኋላ ልመለስ። አንድ ሰው ሳላነሳ ብቀር ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም። የአማርኛ አስተማሪዬ። በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ግጥም እንዳነብ ያደረገኝ፣ ከዚያም «አንቺ ግጥሙን እያነበብሽው አይደለም፣ እየዘፈንሽው ነው» ብሎ ወደ ድራማ ክበብ የወሰደኝ እሱ ነው። አባቴ «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ብሎ ሲቆጣ ቤታችን ድረስ መጥቶ ቁጭ ብሎ ያስረዳውም እሱ ነው። ያን ዕለት ለአባቴ ያወራለትን አልረሳውም። ዮፍታሔ ንጉሤ ከዚሁ ከደብረ ኤልያስ ከቅኔ ቤት ወጥተው አዲስ አበባ ላይ በግጥም ተውኔት እንደጻፉ ነገረው። ያኔ ሴት መድረክ ላይ ስለማትወጣ የሴቷን ክፍል ወንድ ቀሚስ ለብሶ ይጫወት እንደነበር ነገረው። በኋላ እነ አስናቀች ወርቁ ክራራቸውን ይዘው መጡና እየተወኑ እያዜሙ ያንን በር እንደከፈቱት ነገረው። አባቴ ዝም ብሎ ሰማና፣ «ታዲያ ወንዱ ቀሚስ ከሚለብስ እሷው ትልበስ» አለ። እንዲህ ነው የተፈቀደልኝ።

መምህሬ፣ ከክበቡ ወደ ኪነት፣ ከኪነት ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ተመልሼ ወደዚሁ የመጣሁበት መንገድ ሁሉ በዚያች ምሽት ነው የተጀመረው። እየተወነ የሚዘፍን ሰው ትንፋሹን ለሁለት ይከፍላል፤ ግማሹን ለቃሉ፣ ግማሹን ለዜማው። ይሄንንም መጀመሪያ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። አባቴ ቅዳሜ ፊተኛው ረድፍ ተቀምጦ ነበር። አንተ ግን ከኋላ በሩ አጠገብ ቆመህ አየሁህ። ምን አደረግንህ ወንበር እያለ? ለሚቀጥለው ስምህ ተለጥፎበት ይጠብቅሃል።

ገንዘብ ያሰባሰባችሁ፣ በቴሌብር የላካችሁ፣ ከውጭ አገር የደወላችሁ፣ እድርተኞቻችን፣ የእናቴ ማኅበርተኞች፣ የቡና ጠጡ ጓደኞቼ፣ ሁላችሁም ብድሩን የሚከፍል አምላክ ነው። መንገድ ተዘግቶ በነበረበት ሰሞን መድኃኒቴን ከአዲስ አበባ በሰው በሰው አሻግራችሁ ያደረሳችሁልኝን በተለይ አመሰግናለሁ። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ላይ የዓባይ በረሃ አለ። ካንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ እየተሻገረ ማርቆስ የደረሰው መድኃኒት ካርቶኑ ተጨማዶ ነበር፤ ግን አንዲት ፍሬ አልጎደለችም።

የባሕር ዳር ጓደኞቼ፣ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ስትመጡ ጠይቁን ብላችሁኛል። እንመጣለን። ዋሽንቱንም ይዘን እንመጣለን።

አንድ የሚቆረቁረኝ ነገር አለ፤ ስም ግን አልጠራም። ታምሜ ሳለሁ «ድምጿ አልቋል» ብሎ ሳይደውልልኝ ፎቶዬን ከማስታወቂያው ላይ ያወረደ አዘጋጅ ነበር። ሰሞኑን ደውሎ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ አንድ ሥራ ነበረኝ» አለኝ። እኔም አመሰግናለሁ አልኩት። አሁንም እዚህ ላይ አመሰግነዋለሁ። ሥራውን ግን አልወሰድኩም።

ቅዳሜ ምሽት ከትርኢቱ በኋላ ነጠላ ያጣፉ እናት ወደ መድረክ ጀርባ መጡ። በተውኔቱ ውስጥ ልጇን ድራ ብቻዋን የምትቀር እናት ሆኜ እንደምጫወት ታውቃላችሁ። እኚህ እናት እጄን ይዘው፣ «ባለፈው ሳይሽ ድምፅሽ የሙሽራዋ ነበር፤ ዛሬ የእናትየዋ ነው» አሉኝ። ዘፈኑ የወረደው ለምን እንደሆነ አያውቁም። የአዘጋጁ ብልሃት መስሏቸዋል። አዘጋጃችንም አጠገቤ ቆሞ «አዎ እናቴ፣ አስበንበት ነው» ብሎ ጨዋታውን ተቀበለ። አንተንም አመሰግንሃለሁ፤ ወሬ አዋቂ ነህ።

ስማችሁን የዘለልኩባችሁ ብዙ ናችሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ። ስንቱ አንሶላ አጥቦልኛል፣ ስንቱ ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሶልኛል፣ ስንቱ በር ላይ ምሳ አስቀምጦ ሳላየው ሄዷል። እነዚያን ሳህኖች እስካሁን የማን እንደሆኑ አላወቅኋቸውም። አረንጓዴ አበባ ያለበት ትልቅ ሳህንና ክዳኑ ቀይ የሆነ ምሳ ዕቃ እኛ ቤት ናቸው፤ ባለቤቶቹ ኑና ውሰዱ።

የእናቴ ጃንጥላ ሚያዝያ 30 ለማርቆስ ንግሥ ይገባል። ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን ጠላ አለ፤ ጥንስሱን እማዬ ጀምራዋለች። ያላመሰገንኳችሁ በሙሉ መጥታችሁ ውቀሱኝ።