የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ ለተማሪዎቹም ይሰጥ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለደሴ ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ

ለደሴ ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ ኃላፊ
ደሴ

የተከበሩ የመምሪያው ኃላፊ፣

ፊዚክስ ማስተማር የጀመርኩት በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ፕላዝማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በገባበት ሰሞን። በዚያን ጊዜ ክፍል ውስጥ የነበረ ሰው ነገሩን አይረሳውም። ትምህርቱ ከሳተላይት በእንግሊዝኛ ይወርዳል፤ ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ቴሌቪዥኑ ይወስድና ለእኛ ለመምህራኑ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይተርፈናል። መብራት ሲጠፋ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል። መሣሪያው ሲበላሽ ደግሞ ከመካከላችን ደፍሮ የሚነካው አልነበረም፤ መምህሩ አልሠለጠነበትም፣ ተማሪው አይፈቀድለትም። ባለሙያ ይመጣል እየተባለ ይጠበቃል። እኔ በማስተምርበት ክፍል የነበረው፣ ባለሙያው ሳይደርስለት አቧራ ለብሶ ቀረ።

ከሃያ ዓመት በኋላ ያው ነገር በኮምፒውተር ሲደገም እያየሁ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ይህን ጻፍኩልዎ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የከተማችን ትምህርት ቤቶች የኮምፒውተር ክፍሎቻቸውን ለመክፈት፣ ለመጠገንና በየትምህርቱ ለመጠቀም ተማሪዎቻቸውን በይፋ የሥራው ተካፋይ እንዲያደርጉ መምሪያው በጽሑፍ ይፍቀድላቸው።

ክፍሎቹ ለምን እንደሚቆለፉ በቅድሚያ ልንገርዎ፤ ምክንያቱ ስንፍና አይደለምና። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ትምህርት ቤት ሳስተምር፣ በኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ የተንጠለጠለው ጓጉንቸር ዝጎ ነበር። መሣሪያዎቹ በሙሉ በሞዴል 22፣ ማለትም በንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ፣ ወጪ ሆነው በአንድ የአይሲቲ መምህር ስም ተመዝግበዋል። አንድ ማውስ ቢጠፋ ዋጋው የሚቆረጠው ከእሱ ደመወዝ ነው። ዝውውር ቢያገኝ እያንዳንዷን ገመድ ቆጥሮ ካላስረከበ ክሊራንስ አይሰጠውም። የታጨቀ ክፍል ተማሪ በአንድ ጊዜ ለሚያስገባ ሰው ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ስለዚህ መምህሩ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂን በጠመኔ ያስተምራል፤ የኪቦርድ ሥዕል በሰሌዳ ላይ ይስላል፣ ልጆቹም ሥዕሉን በደብተራቸው ይገለብጣሉ። ይህን ሰው አልወቅሰውም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እቆልፍ ነበር።

እኛ ወሎዬዎች ግን ለዚህ ዓይነቱ ችግር መፍትሔ ካገኘን ቆይተናል። የቅሬ (የዕድር) ድንኳን ከለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት ሲዞር ዓመቱን ይገፋል። ብረት ድስቱ ጭስ ይጠጣል፣ አግዳሚው ዝናብ ይመታዋል፤ ሆኖም ይመለሳል። ሲወጣ ይቆጠራል፣ ሲገባ ይቆጠራል፤ የተቀደደውን የሚሰፋ፣ የተሰበረውን የሚመታ ሰው ከአባላቱ መካከል አለ፤ የጎደለው ደግሞ የአንድ ሰው ዕዳ ሳይሆን የሁሉም ነው። ድንኳኑ እንዳይቀደድ ተብሎ ሐዘንተኛ በፀሐይ አይቀመጥም። ለኮምፒውተር ክፍሎቻችን የምለምነው ይህንኑ አሠራር ነው።

አሁን በማስተምርበት ትምህርት ቤት ከርእሰ መምህራችን ጋር ተመካክረን ቅዳሜ ጠዋት መሞከር ጀምረናል። መጀመሪያ ዕለት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ማሽኖች አልተነሡም። ወንድሟ ፒያሳ አካባቢ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አንዱን ከፈተች፤ ራሙን፣ ማለትም የማስታወሻ ካርዱን፣ ነቀለችና የመገናኛውን ብረት በላጲስ በቀስታ ፈገፈገችው። መልሳ ስትሰካው ማሽኑ ተነሣ። ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ጩኸት ቢሰሙት ደስ ይልዎ ነበር።

ነገሩ ተአምር አይደለም። ክረምት ላይ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማዋን ሲሸፍናት፣ ለወራት ሳይበራ የተቀመጠ ኮምፒውተር ውስጡ እርጥበትና አቧራ ይይዛል። የራሙ መገናኛ ሲቆሽሽ ማሽኑ አይነሣም፤ ሞቷል ተብሎ ወደ መጋዘን ይሄዳል። ሌላው የተለመደ ምክንያት የቦርዱ ባትሪ ማለቅ ነው። ይህች የሳንቲም ቅርጽ ያላት 3 ቮልት ባትሪ ስታልቅ ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል፤ በተከፈተ ቁጥር የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ አውጥቶ ይቆማል፤ ቀኑ ስለተዛባም ኢንተርኔት ቢኖረው እንኳ ብዙ ድረ ገጾችን አልከፍትም ይላል። መድኃኒቱ አዲስ ባትሪ ብቻ ነው። ልጆቹ ይህን በሁለት ቅዳሜ ተምረውታል። ያቃተን ሌላ ነገር ነው። በእርግጥ ከሞቱት ሁለት ማሽኖች፣ ከአንዱ ሃርድ ዲስክ ከሌላው ፓወር ሰፕላይ ወስዶ አንድ የሚሠራ ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን የተበላሸ ንብረት በኮሚቴ ታይቶ እስኪወገድ ድረስ ብሎኑን መፍታት ያስጠይቃል ተብለን ተውነው። መጋዘኑ ውስጥ እንደተደራረቡ አሉ።

ለእኛ ለደሴዎች ይህ ጉዳይ የበለጠ ያንገበግበናል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ትምህርት ቤቶቻችን ከሰሜን ወሎ ተፈናቅለው ለመጡ ወገኖቻችን መጠለያ ነበሩ፤ ብዙ ሳይቆይ ጦርነቱ ከተማዋን ራሷን ደረሰባት። ከዚያ በኋላ ከክፍል ክፍል እየዞርን የቀረውን የለቀምንበትን ቀን አልረሳውም፤ ስክሪኑ ያለ ሳጥኑ፣ ሳጥኑ ያለ ስክሪኑ። ከዚያ የተረፈውም ሆነ ከዚያ ወዲህ የተገኘው እያንዳንዱ ኮምፒውተር በመከራ የመጣ ነው። እንዲህ ያለው ንብረት ተቆልፎበት ሲያረጅ ማየት ይከብደኛል። ጤፍ ጎተራ ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ኮምፒውተር ግን ሳይነካም ያረጃል።

ጊዜውም አይጠብቀንም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ማውስ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ የፈተናውን ሰዓት ቀስቷን ስክሪን ላይ በመፈለግ ሊያጠፋው ነው። የማስተምረውን ልጅ አውቀዋለሁ፤ የኒውተንን ሕግ አብጠርጥሮ ያውቃል። ጥያቄውን ሳያነበው ሰዓት ቢያልቅበት ውጤቱ ስለ ፊዚክስ እውቀቱ ምን ይነግረናል?

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ የሚያነሡት ስጋት አለ፤ መምህር በተማሪው ፊት አላውቅም ካለ ክብሩ ይቀንሳል ይላሉ። ስሜቱን እረዳለሁ፣ ግን አልስማማም። በዚህ አገር ትልቁ ደረሳ ለትንሹ ሲያስቀራ፣ በየኔታ ደጅም ፊደል የለየው ላልለየው ሲያስቆጥር ኖሯል። የሸኹም ሆነ የየኔታ ክብር በዚህ አልቀነሰም። በውጭም ተሞክሯል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ኦሊምፒያ በምትባል ከተማ በ1996 እ.ኤ.አ. የተጀመረና በኋላ ጀነሬሽን ዬስ በሚል ስም የታወቀ ፕሮግራም ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መምህሩን ለሥልጠና ወደ ሌላ ቦታ ከመላክ ይልቅ አንድ ተማሪ ከአንድ መምህር ጋር ይጣመራል፤ መምህሩ ሊያስተምር ያሰበውን ርእስ ይዞ ይመጣል፣ ተማሪው በመሣሪያው እንዴት እንደሚቀርብ ያግዘዋል።

እኔም ሞክሬዋለሁ። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በነጻ የሚያሰራጫቸው ፌት የሚባሉ የሳይንስ ማሳያዎች አሉ፤ አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ሁለት ተማሪዎች በአምስት ኮምፒውተሮች ላይ ጫኑልኝ። የተወረወረ ነገር እንቅስቃሴን ሳስተምር፣ መድፉን በ30 ዲግሪ ተኩሱ፣ ቀጥሎ በ60 ዲግሪ ተኩሱ አልኳቸው። የአየር ግጭት ሳይኖር ሁለቱም አንድ ቦታ ሲያርፉ ተበላሽቷል ያለ ነበር፤ ደግመው ሞከሩት፤ ከዚያ ለምን የሚለው ጥያቄ ከራሳቸው መጣ። ይህንን ቀመር ለብዙ ዓመታት በሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ለምን ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ ግን ከዚያ በፊት ትዝ አይለኝም። ማሽኑን ያዘጋጁት ልጆች ለጥያቄው መልስ አልነበራቸውም። መልሱ እኔ ዘንድ ነበር። የመምህሩ ቦታ የት እንደሆነ በዚያች ሰዓት ለሁላችንም ግልጽ ሆነ።

ኢንተርኔት የለንም የሚለው ምክንያት አይሁን። ኮሊብሪ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አንድ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ በገመድ ወይም በራውተር ለክፍሉ ሁሉ ቪዲዮና መልመጃ ያደርሳል፤ ኪዊክስም ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መማሪያ መጻሕፍት ሶፍት ኮፒ በየተማሪው ስልክ በቴሌግራም ሲዘዋወር፣ ስልክ የሌለው ልጅ የት ያንብበው? እዚያው አንድ ማሽን ላይ ተቀምጦ ለሁሉም ይክፈትለት።

ስለ ሴት ተማሪዎች ጠንክሬ ልናገር። በሩ ዝም ብሎ ሲከፈት ወንበሩን የሚይዙት ወንዶቹ ናቸው። ሴቶቹ ቅዳሜ ጠዋት ውኃ ይቀዳሉ፣ ወፍጮ ቤት ይላካሉ፣ ታናናሾቻቸውን ይይዛሉ። በእኛም ትምህርት ቤት በሦስተኛው ሳምንት ከሴቶቹ የመጣችው ያቺ ራሙን ያጸዳችው ልጅ ብቻ ነበረች። በሳምንቱ መካከል ከትምህርት በኋላ አንድ ሰዓት ስንጨምርና የመዝገብ ያዥነቱን ኃላፊነት ለሴቶች ስንሰጥ ተመለሱ። መምሪያው መመሪያ ሲያወጣ ከአባላቱ ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ ብሎ ቢጽፍበት፣ ርእሰ መምህራን ሰዓቱን ለማስተካከል ይገደዳሉ።

ስለዚህ የመምሪያው የፈቃድ ደብዳቤ እንዲህ ቢል እወዳለሁ። ንብረቱ በአንድ መምህር ስም መሆኑ ቀርቶ በትምህርት ቤቱ ስም ይሁን፤ ቁልፉን መምህሩና የተማሪዎቹ የቴክኖሎጂ ክበብ በፈረቃ ይያዙት፤ ዕለታዊ የርክክብ መዝገብ ይኑር። በተፈጥሮ እርጅና ለተበላሸ ዕቃ ማንም ከደመወዙ አይቆረጥበት። የተበላሹ ማሽኖች ከመወገዳቸው በፊት ለመለዋወጫነት ለክበቦቹ እንዲሰጡ አስወጋጅ ኮሚቴው ቅድሚያ ይስጥ። ከትምህርት ቤት ድጎማ ላይ ለባትሪ፣ ለኔትወርክ ገመድና ለአቧራ ማጽጃ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ለመመደብ ይፈቀድ። የሚያሠለጥን ሰው በከተማችን ሞልቷል፤ በወይዘሮ ስህን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የሚማሩ ሠልጣኞች ለትብብር ሥልጠና ቦታ ይፈልጋሉ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ያለው ከእኛ ቁልቁል በቅርብ ርቀት ነው። ወደ ትምህርት ቤቶቻችን እንዲመጡ የመምሪያው አንድ ደብዳቤ ይበቃል።

ልጆች ይሰብራሉ፣ ያልተገባ ነገር ያያሉ የሚሉ ወላጆች አሉ፤ እኔም ወላጅ ነኝና ስጋቱ ይገባኛል። ማሽኖቹ ከኢንተርኔት ውጭ የሚሠሩ ስለሆኑ የሚያዩት እኛ የጫንነውን ነው። ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ሁሉ መግቢያው ላይ በአንዲት ኮምፒውተር ያስፈትሻል፤ ፈታሾቹም ተማሪዎች ናቸው፣ ከእኔ ይልቅ ይጠነቅቃሉ። እስካሁን የተሰበረብን አንድ ኪቦርድ ነው። የሰበረው ልጅ ራሱ መጥቶ ነገረን።

ክፍላችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ክፍት ነው። የትምህርት ቤታችንን ስምና የእኔን አድራሻ ወደ መምሪያው ጽሕፈት ቤት በሚገባው ቅጂ ላይ ለብቻ አያይዣለሁ። እርስዎ ወይም የሚወክሉት ባለሙያ ቢመጡ፣ መዝገቡን የሚያሳዩዎትና መጋዘን ውስጥ ስላሉት ማሽኖች የሚያስረዱዎት ተማሪዎቹ ይሆናሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊዚክስ መምህር
ደሴ