ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ አሮጌው የጺም ብሩሽ

ውድ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔና እናትህ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የገዛኸውን አሮጌ የጺም ብሩሽ፣ ስንላጭ የሳሙና አረፋ የምንቀባበትን ማለቴ ነው፣ ፎቶግራፎቹን ደጋግሜ አየኋቸው። እጀታው ያማረ ነው፣ የከፈልህበትም ገንዘብ አይቆጭም። ነገር ግን እለምንሃለሁ፣ ይህን ደብዳቤ አንብበህ ሳትጨርስ ብሩሹን ፊትህ እንዳታስነካው።

እጀታው ይቀመጥ፣ ጸጉሩ ይጣል። ልነግርህ የፈለግሁት ይኸው ነው። ምክንያቱን ሳትሰማ እሺ የምትል ልጅ ስላልሆንህ ግን ከሥሩ ላስረዳህ።

አገር ቤት አባ ሰንጋ የሚባል የከብት በሽታ አለ። ገጠር ያደግን ሰዎች ስሙን ስንሰማ አሁንም እንደነግጣለን። ደህና የዋለ በሬ ድንገት ወድቆ ሞቶ ከአፍንጫው ደም ከወረደ አዋቂዎቹ ሕፃናቱን ያባርሩ ነበር፤ ቆዳውም እንዳይገፈፍ ይከለክሉ ነበር። የበሽታው ጀርም ከእንስሳው ጋር አይሞትም። ስፖር የሚባል ጠንካራ ሽፋን ያለው ዘር ሆኖ በአፈር፣ በቆዳና በጸጉር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይቆያል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይህ በሽታ በጺም ብሩሽ በኩል ወደ ሰው ፊት ገባ። ከጦርነቱ በፊት ጥሩ ብሩሽ የሚሠራው ባጀር ከሚባል አውሬ ጸጉር ነበር። ከሩሲያ የሚመጣው ጸጉር በጀርመን በኩል ታጥቦና ተለይቶ ነበር ወደ ገበያ የሚወጣው። ጦርነቱ ያንን መንገድ ዘጋው። አንዳንድ ፋብሪካዎች ከሩቅ ምሥራቅና ከሩሲያ ያስመጡትን የፈረስ ጸጉር አቅልመው ባጀር ያስመስሉት ጀመር፤ ከጀርም የማጽዳቱን ነገር ግን ብዙዎቹ ቸል አሉት። በዚያው ሰሞን የመርዝ ጋዝ የጦር መሣሪያ ሆነ። ጭምብል ፊት ላይ አጥብቆ እንዲገጥም ወታደሩ ጺሙን በየጊዜው መላጨት ነበረበት፤ ለዚህም ብሩሽ ታደለው። ምላጭ የቧጨረው ቆዳ ለጀርሙ መግቢያ ሆነ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1915 እስከ 1924 ባለው ጊዜ በአሜሪካና በእንግሊዝ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች በዚህ መንገድ ታመዋል፤ የሞቱም አሉ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል መጽሔትም በ2017 ይህንን ታሪክ ያነሣው ያለ ነገር አይደለም፤ አሮጌ ብሩሽ መጠቀም እንደገና ፋሽን በመሆኑ ነው።

አደጋው ዛሬ አነስተኛ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ላስፈራራህም አልፈልግም። ነገር ግን ስለ ፊትህ ነው የምናወራው። «ቀቅዬ ብጠቀምበትስ?» ትለኝ ይሆናል። ተራ ፈላ ውኃ አያስተማምንም። እንዲህ ያለውን ጀርም በእርግጠኝነት የሚገድለው የሆስፒታል መሣሪያ እንደሚቀቀለው በታመቀ እንፋሎት፣ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማብሰል ነው። ያ ሙቀት ደግሞ የጸጉሩን ለዛ ያጠፋዋል።

አሁን ወደ እጀታው ልምጣ፤ ልቤ ያለው እሱ ላይ ነው። ከባድ ነው ብለኸኛል፤ ማግኔትም አልያዘውም። እንግዲያው ነሐስ ነው፤ ላዩ በኒኬል ተለብጧል። ፎቶው ላይ ነጣ ብሎ ወደ ቢጫ የሚያደላ ቀለም ስላየሁበት ክሮም አይደለም፤ የክሮም ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያደላል። ክሮም ለዕቃ መለበጫ በሰፊው የዋለው ከ1920ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። ኒኬል ከዚያ በኋላም ቢሠራበትም ያንተ ብሩሽ የእነዚያ ክፉ ዓመታት ሥራ ሊሆን ይችላል። ጸጉሩን ጣል የምልህ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ስትነቅለው በደረቁ አትንካው፤ አቧራው እንዳይነሣ አስቀድመህ በሳሙና ውኃ በደንብ አርሰው። ጓንትና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርግ። ጸጉሩን በመቀስ ከሥሩ ቆርጠህ በፕላስቲክ ከረጢት አጥብቀህ ቋጥረህ ጣለው። ከዚያ እጀታውን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለህ በሞርሳ ያዘው፤ አታጥብቀው፣ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ይጨፈለቃል። በቀጭን ፑንታ ውስጡ የቀረውን የጸጉር ሥር መሐሉን ብሳ፣ ቀስ በቀስ እየወፈርህ ሂድ፤ ግድግዳው ጋ ሳትደርስ አቁም። የቀረውን በትንሽ መሮ ፈልቅቀው። ስትሰረስር እንደ ድኝ የሚሸት ጥቁር ብናኝ ከወጣ አትደንግጥ፤ ጸጉሩ በጠንካራ ጎማ የተተከለ ነበር ማለት ነው። በኒው ጀርሲ ኒዋርክ የነበረው ራበርሴት የሚባል ፋብሪካ ስሙን ያገኘው ከዚሁ አሠራር ነው። ባዶውን እጀታ በመጨረሻ በግፊት ማብሰያ ድስት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀቅለው፤ ነሐስ ይችለዋል። አሉሚኒየም ቢሆን ኖሮ ይጠቁርብህ ነበር፤ ለወደፊቱ እሱን ዓይነት ካገኘህ ደግሞ በረኪናና ኮስቲክ ሶዳ አታሳየው፣ ይበላዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ማጽዳት ነው። አብዛኛው ሰው እጀታ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። በለብታ ውኃ፣ በሳሙናና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እጠበው። አንገቱ ሥር ያየሁትን አረንጓዴ ዝገት ጠብታ ዘይት አድርገህበት አሳድረውና በጥርስ መፋቂያ እንጨት ፋቀው። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦና የብርጭቆ ወረቀት አይቅረቡት፤ የኒኬሉ ልባጥ ስስ ነው፣ አንዴ ከሄደ አይመለስም። እናትህ ነሐስ በሎሚና በጨው ስታወለውል ስላየህ በዚያ ልሞክር እንዳትል። እሷ የምታጥበው ልባጥ የሌለው ዕቃ ነው፤ ቶሎም ታለቀልቀዋለች። ነሐስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነው፤ እንደ ሎሚ ያለ አሲድ ሲቆይበት ዚንኩን አጥቦ ያወጣና መዳቡን ብቻ ያስቀራል፤ ዕቃው ወደ ሮዝ ይቀየራል።

ሦስተኛው ፎቶ ላይ፣ ወገቡ ጋ፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ኒኬሉ አልቆ ነሐሱ ወርቃማ ሆኖ ወጥቷል። እሱን እንዳትነካው። ዳር ዳሩ በድንገት አልተቆረጠም፤ ነጩ ቀስ እያለ ወደ ቢጫ ይገባል። እንዲህ የሚያደርገው የብዙ ዓመት ጠዋት ብቻ ነው፤ የትኛውም ማሽን አይሠራውም። እንደ አዲስ እናስለብጠው የሚል ሰው ቢመጣ አትስማው። እኔ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ከማመጣቸው መካከል አዲስ ተለብጠው የማገኛቸውን አልገዛም፤ የማን እጅ እንደያዛቸው፣ ምን እንደደረሰባቸው የሚናገር ነገር አልቀረባቸውም። ቆሻሻው ይሂድ፣ ዕድሜው ይቆይ። በለስላሳ ጨርቅ ወልውለህ ስስ ሰም ቀባውና ተወው።

አዲሱን ጸጉር በተመለከተ ሰው ሠራሹን ምረጥ። የዛሬው በጣም ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ብረቱ ውስጥም ውኃ አያስቀርም። የአሳማ ጸጉር ርካሽ ነው፤ ይሁን እንጂ እናትህን ታውቃታለህ፣ የቤታችንንም ሥርዓት ታውቃለህ። ስትተክለው መጀመሪያ ኢፖክሲ በሚባለው ከደረቀ በማይላቀቅ ማጣበቂያ አትቸኩል፤ በቀላሉ በሚነቀለው በሲሊኮን ያዘውና ጥቂት ሳምንት ተላጭበት። ጸጉሩ ረዝሞ ከተንዘላዘለብህ ነቅለህ ጠለቅ ታደርገዋለህ፣ አጥሮ ከወጋህ ከሥሩ ቁራጭ እንጨት ትጨምርለታለህ። ከእጀታው አፍ በላይ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢወጣ ለብዙ ሰው ይስማማል።

የቀዳዳውን ስፋትና ጥልቀት ካሊፐር በሚባለው ባለ መንጋጋ መለኪያ ለክተህ ላክልኝ። ስፋቱን አፉ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጥም ለካ፤ ብዙዎቹ ወደ ታች ይጠባሉ። ልኩን እንዳገኘሁ ጸጉሩን እኔ አዝዤ በፖስታ እልክልሃለሁ፤ ዋጋውን አትጠይቀኝ።

እግዚአብሔር ይጠብቅህ።

አባትህ