የወጪ ጣሪያው ከየት ተነስቶ ይሰላል?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የስቴት መንግሥት ወጪ ከሕዝብ ቁጥርና ከዋጋ ንረት ዕድገት እንዳያልፍ በሕገ መንግሥት ይገደብ ብለው ለጻፉት አንባቢ መልስ አለኝ። የምኖረው በኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ነው። እኛ ጋ ይህ ገደብ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አለ፤ ታቦር (TABOR፣ የግብር ከፋዮች የመብት ድንጋጌ) ይባላል።

የሕዝብ ገንዘብ ሲወጣ ሃይ ባይ ያስፈልጋል ማለታቸው ትክክል ነው። ግብር ከመጨመሩ በፊት ሕዝብ ድምፅ ይስጥበት የሚለውን የታቦር ክፍል እኔም እደግፋለሁ። በ2022 ስቴቱ ከጣሪያው በላይ ከሰበሰበው ገቢ ለአንድ ሰው 750፣ ለባልና ሚስት 1,500 ዶላር ተመላሽ ሲሰጥ የስንቱን ወገናችንን የቤት ኪራይ እንደደገፈም አይቻለሁ።

የምቃወመው ስሌቱን ነው። የዋጋ ንረት የሚለካው ቤተሰብ በሚገዛው ነገር ነው፤ በምግብ፣ በቤንዚን፣ በኪራይ። ስቴቱ ግን የሚከፍለው ለመምህራን፣ ለሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን)፣ ለአረጋውያን እንክብካቤ ነው። የሕዝቡ ቁጥር ባለበት ቢቆም እንኳ አረጋውያን ሲበዙ ወጪው ይጨምራል፤ ቀመሩ ይህን አያይም።

ከሁሉ የከፋው ጣሪያው የሚሰላበት መነሻ ነበር። በ2001 ኢኮኖሚው ሲዳከም የስቴቱ ገቢ አሽቆለቆለ። የቀጣዩ ዓመት ጣሪያ የሚሰላው ከዚያው ከወረደው ገቢ ተነስቶ ስለነበር፣ ገቢው ሲያገግም የተቆረጠውን አገልግሎት ለመመለስ ሕጉ አይፈቅድም ነበር። በ2005 ሪፐብሊካኑ አገረ ገዢ ቢል ኦውንስ ሳይቀሩ ገደቡ ለ5 ዓመት እንዲነሳ ቀሰቀሱ፤ ሕዝቡም በጠባብ ልዩነት አጸደቀው። ያ ጣሪያውን ወደ ታች የሚጎትት አሠራርም አብሮ ተሻረ። በዓመቱ ሜይን፣ ኔብራስካና ኦሬጎን ተመሳሳይ ሐሳብ ቀርቦላቸው ውድቅ አደረጉት።

ገደቡ ተራ ሕግ ቢሆን ኖሮ የስቴቱ ምክር ቤት ያርመው ነበር። ሕገ መንግሥት ውስጥ ስለገባ ግን ያለ ሕዝበ ውሳኔ አይነካም። ስለዚህ መንግሥት ሌላ በር ይፈልጋል። በ2009 ለመንገድና ለድልድይ ጥገና ሲባል የመኪና ምዝገባ ክፍያ ተጨመረ፤ ክፍያ እንጂ ግብር አይደለም ስለተባለ ድምፅ አልሰጠንበትም። የሚተመነውም በመኪናው ክብደት እንጂ በባለቤቱ ገቢ አይደለም። ከኛ ሰው ስንቱ በታክሲና በኡበር እንደሚተዳደር አንባቢዎቻችሁ ያውቃሉ።

በሌሎች ስቴቶች የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ለእንዲህ ያለ ሐሳብ ፈርሙ ስትባሉ ገቢ በሚወድቅበት ዓመት ጣሪያው ከየት ተነስቶ እንደሚሰላ ጠይቁ። በጽሑፉ ውስጥ መልሱ ከሌለ አትፈርሙ።

ከአክብሮት ጋር፣
ግብር ከፋይ፣ ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ