ሕፃን ይዘን ስንመጣ ለደረሳችሁልን የባሕር ዳር ሰዎች፣ እግዜር ይስጥልን

ይህን የምጽፈው ስማችሁን እንኳ በቅጡ ላልያዝኩት ሰዎች ነው። የማውቃችሁን ቤታችሁ ድረስ መጥቼ አመስግኛለሁ። ሌሎቻችሁን የት ብዬ ላግኛችሁ? «ምን አደረግንና ነው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ያደረጋችሁትን ልንገራችሁ።

አባይ ማዶ በአያቴ ቤት አራት ትውልድ ሆነን ነበር። አያቴ፣ እናቴ፣ እኔና የአምስት ወር ልጄ። ባለቤቴም አለ፤ ግን እሱን የቆጠረው የለም፣ ዕቃ ተሸካሚ ነው። ልጅቷ የተወለደችው ዋሽንግተን ነው። አያቴ ገና መወለዷን ስትሰማ «ሳልሞት አሳዩኝ» ብላ ያዘችን። ሌላ ምርጫ አልነበረንም።

13 ሰዓት ያህል በረራ ከሕፃን ጋር እንዴት እንደሆነ አልተርክም፤ ያለፈበት ያውቀዋል። ባሕር ዳር ስናርፍ እኛ ደረስን፣ የልጅቷ ሻንጣ ቀረ። ዳይፐሩ፣ ልብሱ፣ አጎበሩ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነበር። በኋላ ስለተገኘ ወቀሳውን ትቼዋለሁ። የገረመኝ ግን ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሰፈር መግባቱ ነው። ሻይ ሳይፈላ አንዷ የልጇን ልብስ በፌስታል ይዛ መጣች። ሌላዋ አንቀልባ። አንድ ባለባጃጅ ዳይፐር ፍለጋ ባለቤቴን ይዞት ሱቅ ለሱቅ ዞረ። ቁጥሩን ስላላወቁት ሦስት ዓይነት ይዘው መጡ!

አጎበር ያመጣሽው እህቴ፣ አንቺን ለብቻ ነው የማመሰግንሽ። ባሕር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ወባ አለ፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። እኛ የመጣነው በኅዳር ነው። ለራስሽ ያስቀመጥሽውን፣ ገና ከላስቲኩ ያልወጣውን ሰጠሽን። ሰጥተሽም አልሄድሽም። ምስማሩን ራስሽ መታሽ። ጫፉን ዙሪያውን ፍራሹ ሥር ወተፍሽ። ከዚያ እናቴን ጠርተሽ «በዚህ በኩል ክፍት እንዳይሆን» ብለሽ አሳየሻት። እናቴ ብዙ ዓመት ውጭ ስለኖረች ረስታው ነበር።

ልጄ የአገሯን ሰዓት ይዛ ነው የመጣችው። በኅዳር ዋሽንግተን ከባሕር ዳር 8 ሰዓት ወደኋላ ነው። እዚህ እኩለ ሌሊት ሲሆን ለእሷ ከሰዓት በኋላ ነው፣ የጨዋታ ሰዓት። ትጮሃለች፣ ትስቃለች፣ ቤቱ ሁሉ ይነሳል። የጎረቤት ግድግዳ እንደሆነ ድምፅ አይከለክልም። የተቆጣን ግን አልነበረም። ጠዋት አንዷ በበር ብቅ ብላ «አንቺ፣ ዛሬም ማኅሌት ቆመሽ አደርሽ?» አለቻት። ከዚያ ልጅቷን አዝላ ሄደች። እኔን «ተኚ» ብላኝ ነው የሄደችው።

ምክር የሰጠን ሰው ብዙ ነው። እግዜር ይስጣቸው፤ ጤና አዳሙንም «እንትፍ እንትፍ» ማለቱንም ተቀብለናል። «ተኚ» ያሉኝን ግን መቼም አልረሳቸውም።

እሑድ ጠዋት ልጅቷን ተቅማጥ ያዛት። ሲስተር፣ አንቺ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ ነጠላሽን እንዳጣፋሽ ገባሽ። የዕረፍት ቀንሽ ነበር። እርግብግቢቷን ዳሰስሽ፣ ዓይኗን አየሽ፣ የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገሽ ለቀቅሽ። «ሽንቷስ?» አልሽ። ከዚያ ኦአርኤሱን አፍልተን ባቀዘቀዝነው አንድ ሊትር ውሃ በጠበጥሽ። በማንኪያ ቀስ እያልኩ እንድሰጣት፣ 24 ሰዓት ካለፈው እንድደፋው፣ ጡቱን ጭራሽ እንዳላቋርጥ ነገርሽኝ። ዚንኩን ለሁለት ከፍለሽ ግማሿን ፍሬ በማንኪያ ላይ በጡቴ ወተት አሟሟሽው፤ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ 10 ቀን እንዳላቋርጥ አስጠነቀቅሽኝ። ደም ካየሁ ወይም መጥባት እምቢ ካለች ደግሞ ሳልውል ሳላድር ሐኪም ቤት።

አያቴ ይህ ሁሉ ሲሆን ቅቤ በስኒ ይዛ ቆማለች። ልታልሳት ነው። እኔም እናቴም እምቢ ማለት አልቻልንበትም። አንቺ ግን «እማማ፣ ቅቤው ጥሩ ነበር፤ ግን የእሷ ሆድ ገና አይችለውም። ለእናቷ ያድርጉላት፣ በጡቱ ይደርሳታል» አልሻት። አያቴ ደስ ብሏት ወጥ ቤት ገባች። ገንፎውን ጨርሼ የበላሁት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ሽምግልና የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚሰጥ አላውቅም። ልጅቷ በሦስተኛው ቀን ተሻላት።

በዚያው ሰሞን ከአልጋና ከማንኪያ ራቅ ብለን የወጣነው አንዴ ነው፣ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትሩን የአባይ ድልድይ በእግር ለመሻገር። እናቴ አላወቀችውም። መሀሉ ላይ ቆማ «አሮጌው የት ሄደ?» ስትል አንድ የማናውቀው ተማሪ ትምህርቱን ትቶ አስጎበኛት። ለእሱም ምስጋናዬ ይድረሰው።

የቀረኸው አንተ ነህ፣ ባለጀልባው ወንድሜ። አያቴ ስለት ነበረባት። ልጅቷ በሰላም ከተወለደች ለዘጌዋ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ጥላ አስገባለሁ ብላ ነበር። ልጅቷንም ይዤ ካልሄድኩ አለች። አንተ ልጅቷን አየህ፣ የሕይወት አድን ጃኬቶችህን አገላበጥክ። «ለእሷ የሚሆን የለኝም፤ እሷን አልጭንም» አልክ። አያቴ ተቆጣች፣ ረገመችህ ማለት ይቀላል። አንተ ፈገግ ብለህ «ይርገሙኝ እማማ፣ እሷ ትቅር እንጂ» አልክ። እኔና ልጄ ዳር ላይ ዋርካ ሥር ቀረን። ሌሎቹን ጠዋት ወስደህ ከሰዓቱ ነፋስ ሳይነሳ መለስካቸው። ደረጃ የሌለበትን መውረጃ አያቴን አቅፈህ ነው ያወረድካት። ሒሳብ ሲከፈልህም «የስለት መንገድ ነው» ብለህ የነዳጁን ብቻ ይዘህ ቀሪውን መለስክ።

አያቴ እርግማኑን አንስታለች። ገንዘቡን ግን አልተቀበለችልህም። በመሀረብ ቋጥራ አስቀምጣልሃለች፤ አባይ ማዶ «የአሜሪካኗ ሕፃን ቤት» ብለህ ጠይቅ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያሳይሃል። እስከ የካቲት ኪዳነ ምሕረት ካልመጣህ ለደብሩ ነው የምሰጠው ብላለች።