ስለ ንጋቷ ሰዓት ተኩል፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለሀዋሳ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ በሐይቁ ዳር ከንጋቱ 11፡30 እስከ ጠዋቱ 1፡00 የድምፅ ማጉያና የሞተር ጀልባ እንዲቆም፣ ፊላም (ውሃ ዳር የሚበቅለው ረጅም ሣር) ከሥሩ እንዳይታጨድ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልን። እኛ በሐይቁ ዳር የወፍ ድምፅ እየቀዳን ለሙዚቃችን የምንማርበት ሙዚቀኞች ነን።

ወፎቹ አብረው የሚዘምሩት ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ነፋሱም ብዙውን ጊዜ ገና አልተነሣም። ጥንድ ዓሣ በል ንስሮች አንገታቸውን ወደ ኋላ ቀልብሰው ሲጮኹ፣ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይገባል። ለማሲንቆና ለድምፃዊ ቅብብሎሽ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም። አባ ኮዳ ዜማ የለውም፤ ምንቃሩን ሲያንኳኳ ግን ለምት ይሆናል።

ጫጫታ ሁሉ አንድ አይደለም። የጄኔሬተርና የከባድ መኪና ጉርምርምታ አብዛኛው ከ200 ኸርዝ (ድምፅ በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት፤ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) በታች ስለሆነ ከቅጂው ላይ በማጣሪያ ይቆረጣል። ማጣሪያውን ወደ 500 ካሳደግነው ግን የዋኖስ ድምፅ አብሮ ይሳሳል። የድምፅ ማጉያ ዘፈን ሌላ ጣጣ ነው፦ የዘፋኙ ድምፅ ከወፎቹ ዜማ ጋር ስለሚደራረብ አንዱን ሳይጎዱ ሌላውን ማውጣት አይቻልም። የጀልባ ሞተርም ጩኸቱ ከታች እስከ ላይ ይዘረጋል። የሚቆረጠውን እኛ እንቆርጣለን፤ ይኼኛውን የሚዘጋው የእናንተ መመሪያ ብቻ ነው።

«በስልክ ቀድታችሁ አታጸዱትም?» የሚለን አይጠፋም። የወፍ ዜማ ለማሲንቆ የሚመቸው 8 እጥፍ ሲዘገይ ነው፤ 4,000 ኸርዝ የነበረው 500 ላይ ይወርድና ጣት ይደርስበታል። በስልክ በ44,100 ናሙና (በሰከንድ ያን ያህል ጊዜ እየተለካ) የተቀዳ ድምፅ እንዲህ ሲዘገይ ከ2,750 ኸርዝ በላይ ምንም አይቀርለትም፤ ብርድ ልብስ እንደለበሰ ይታፈናል። ስለዚህ በ96,000 እንቀዳለን። ጫጫታው ግን አብሮ ይዘገያል፦ ከሩቅ የመጣች የ2 ሰከንድ ዘፈን 16 ሰከንድ ታጓራለች።

በጥቁር ውሃ መግቢያና በአሞራ ገደል አካባቢ ፊላው ሲመነጠር፣ ጎጆዋን ውሃ ላይ አንጠልጥላ የምትሸምነው ቢጫ ወፍ ማንጠልጠያ ታጣለች። ፊላ ከውሃ በታች ሲቆረጥ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፤ ከውሃው በላይ ሲታጨድ ግን መልሶ ያቆጠቁጣል። ለከብት የሚያጭደውን ሰው መከልከል አያስፈልግም፤ ማጭዱን ከውሃው አንድ ክንድ ከፍ እንዲያደርግ ማስታወቅ ይበቃል። ወፎቹ በብዛት የሚጎጁበት 20 ሜትር ያህል ወርድ ግን ጨርሶ ባይነካ።

መመሪያው እኛንም ይያዝ፦ የተቀዳ ድምፅ አሰምቶ ወፍ መጥራት ይከልከል። ወፉ ባላንጣ የገባበት መስሎት እንቁላሉን ትቶ ይወጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
በሀዋሳ የወፍ ድምፅ የምንቀዳ ሙዚቀኞች