የላኽማን ሥራ ምን እንደነበር፣ ለአባባ

ይድረስ ለተከበሩ አባባ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በስልክ «ያ ጀርመናዊ ሊቅ ዕድሜ ልኩን የድሮ ግጥም ሲያነብ ኖረ፤ ታዲያ ሥራው ምኑ ላይ ነው?» ያሉኝን በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ጻፍኩልዎ። ካርል ላኽማን ይባላል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1793 ብራውንሽቫይክ ተወልዶ በ1851 በርሊን ሞተ። ሥራው በ1200 ገደማ የተገጠሙ የጀርመን ግጥሞችን ከየብራናው አስተያይቶ ማሳተም ነበር።

ችግሩን እርስዎ ከኔ ይበልጥ ያውቁታል። ገጣሚው በእጁ የጻፈው አልተገኘም፤ ያለው የግልባጭ ግልባጭ ነው። ፓርሲፋል የሚባለው የቮልፍራም ግጥም ዛሬ ቁርጥራጩ ሲቆጠር ከ80 በላይ ቅጂ አለው፤ ሙሉ የሚባሉት ግን 16 ያህል ናቸው።

ቅጂዎቹ ቃል በቃል ከተስተያዩ በኋላ የሚፈለገው ስሕተት ነው። ትክክለኛ ንባብ በሁለት ቅጂ ቢገኝ ስለ ዝምድናቸው ምንም አይነግርም። ሁለት ጸሐፊዎች አንድ ቦታ ላይ ያንኑ እንግዳ ስሕተት ከጻፉ ግን የገለበጡት ከአንድ እናት ነው። ከአንድ እናት አሥር ቅጂ ቢወጣ ምስክርነቱ እንደ አንድ ይቆጠራል። ማንም የሚስተው ስሕተት ለዚህ አይረባም፤ ሁለት መስመር በአንድ ቃል ሲያልቁ የማንም ዓይን ይዘላል። ፓርሲፋል ቤት የሚመታው ሁለት ሁለት መስመር እየሆነ ስለሆነ አንድ መስመር ሲጎድል ጓደኛው ብቻውን ቀርቶ ያጋልጣል፤ ሁለቱ አብረው ሲወድቁ ነው ማንም ልብ የማይለው። ስልቱን የሚያበላሸው ደግሞ ሁለት መጽሐፍ ፊቱ ዘርግቶ ከዚህም ከዚያም የሚቀላቅል ጸሐፊ ነው። ያኔ የቅጂዎቹ የዘር ሐረግ ይጠላለፋል። ሐረጉን ላኽማን ራሱ ሥሎት አያውቅም፤ ስልቱም የሱ ብቻ አልነበረም፣ ግን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

የተሳሳተውም ትልቅ ነገር ነው። የዚያው ዘመን የሆነው የኒቤሉንገን ግጥም ሀ፣ ለ፣ ሐ ብንላቸው ሦስት ዋና ብራናዎች አሉት። ላኽማን በ1826 ሲያሳትመው «ሀ»ን መረጠ፤ አጭርና ሻካራ ስለሆነ ጥንታዊ ነው፣ የረዘመው የተጨመረበት ነው ብሎ። ከዚያም አልፎ ግጥሙ 20 ዘፈኖች ተገጣጥመው የተሠራ ነው አለ። «ሀ» ከ«ለ» 60 ያህል አንጓ ያንሳል። በኋላ የመጡት ግን ጸሐፊው ቆርጦት ነው ብለው ስዊስ አገር ሳንክት ጋለን ከተማ ወደሚገኘው «ለ» ዞሩ። እሱም ቢሆን እንከን አያጣም፤ ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው የመክፈቻው አንጓ የለበትም! በዚያ አንጓ ውስጥ «አረቤይት» የሚል ቃል አለ። የዛሬ ጀርመን «አርባይት» ሲል ሥራ ማለቱ ነው፤ ያኔ ግን መከራ ማለት ነበር። እንዲህ ያለ ቃል ነው አንባቢን የሚያስተው፤ እንግዳ ቃል ሲገጥመው መዝገበ ቃላት ይገልጣል፣ የሚያውቀው ሲመስለው ግን ያልፈዋል።

በአጻጻፍም ጣልቃ ገብቷል። ጸሐፊዎቹ አንዱን ቃል በየዓይነቱ ይጽፉታል፤ እሱ አንድ መልክ ሰጠው፣ ረዥሙን አናባቢም ምልክት ደፋበት። ተማሪ እፎይ ይላል። ብራናውን ለሚመረምር ግን ይህ መጋረጃ ነው፤ በእኔ አስተያየት ጥቅሙና ጉዳቱ እኩል ነው።

የማይናወጠው ሥራው ቁጥሩ ነው። በ1833 ፓርሲፋልን በ16 መጽሐፍና 30፣ 30 መስመር ባላቸው 827 ክፍሎች ከፈለው፤ በድምሩ 24,810 መስመር። ሠላሳውን ከራሱ አላመጣውም፤ ብራናዎቹ ላይ በትልልቅ ፊደል ተመልክቶ አገኘው። ዛሬም ሊቃውንቱ ሲጠቅሱ ክፍሉንና መስመሩን በሱ ቁጥር ነው የሚሰጡት።

ለእርስዎ ቅርብ የሚሆነውን ወደ መጨረሻ አቆየሁት። ላኽማን በሞተበት በ1851 ሌላው ጀርመናዊ አውጉስት ዲልማን መጽሐፈ ሄኖክን በግዕዝ አሳተመ፤ አምስት ቅጂ አስተያይቶ።

ልጅዎ