በዝግ በር የሚነገረው ይመዝገብ፦ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ ዋና ዳይሬክተር፣

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ረቂቁን ለሕዝብ እንዲያሳውቅና አስተያየት እንዲቀበል ያዛል። መልካም ሕግ ነው። እኔም እንደ አንድ የስልክ ደንበኛ ረቂቁን አንብቤ የመሰለኝን መጻፍ እችላለሁ። የሚያሳስበኝ ከዚያ ውጪ የሚነገረው ነው። የአንድ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ እርስዎ ቢሮ መጥቶ ስለዚያው ረቂቅ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢያስረዳ፣ ምን እንዳለ በምን እናውቃለን? ላልሰማነው ክርክር መልስ መስጠት አንችልም።

ስብሰባው ይከልከል አላልኩም። ስለ ማማ ኪራይ፣ ስለ ኔትወርክ ትስስር ዋጋ፣ ስለ ሞገድ ድልድል ዝርዝሩን የሚያውቁት ኩባንያዎቹ ናቸው፤ እነርሱን የማያነጋግር ተቆጣጣሪ በጨለማ ነው የሚወስነው። የምለው፣ የተነገረው ይመዝገብ፤ መዝገቡም ይታይ ነው።

አሜሪካውያን ይህን የተማሩት ካፈሩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽናቸው አንድ የቴሌቪዥን ቻናል ከስፕሪንግፊልድ፣ ኢሊኖይ ወደ ሴንት ሉዊስ እንዲዛወር ወሰነ። በኋላ እንደታወቀው፣ ከዝውውሩ የሚጠቀመው ኩባንያ ፕሬዚዳንት ኮሚሽነሮቹን በየቢሮአቸው እየዞረ ሲያነጋግር፣ ምሳ ሲጋብዝ፣ ለገና ደግሞ ተርኪ ዶሮ ሲልክላቸው ከርሟል። የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1959 ውሳኔውን ሽሮ ጉዳዩን መለሰው። ዶሮው ያስቃል። ክብደቱ ግን ሌሎቹ ተከራካሪዎች በሌሉበት በተነገረው ላይ ነበር፤ ያለ ዶሮም ቢሆን ያው ነው።

ዛሬ በዚያ ኮሚሽን ደንብ ማውጣትን በመሰለ ጉዳይ ላይ ባለሥልጣን ያነጋገረ ሰው በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ማስታወሻ ያስገባል። እነማን እንደተገኙ፣ ምን መረጃና ምን መከራከሪያ እንደቀረበ ተጽፎ ከጉዳዩ መዝገብ ጋር ይያያዛል፤ ማንም ገብቶ ያነበዋል። ጸሐፊው ጎብኚው ራሱ ነው። ስለዚህ «የሰው ኃይል የለንም» የሚል መልስ ከወዲሁ ባይዘጋጅ ደስ ይለኛል። አንድ ቀዳዳ ግን ነበራቸው፤ አዲስ ነገር አልተናገርኩም ያለ ሰው ማስታወሻ ከማስገባት ነፃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ደፈኑት። እኛም ስንጀምር «ስለ ጉዳዩ ተወያይተናል» የምትል አንዲት መስመር በቂ እንዳትሆን አደራ። የንግድ ምስጢር የሆነው አኃዝ ይሸፈን፤ ክርክሩ ግን ምስጢር አይደለም።

የእኛ ሁኔታ ከእነርሱ ይልቅ ይህን ይሻል። ባለሥልጣኑን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ገበያውን ለውድድር ከፈተ፤ በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረትም 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ ወሰደ። ኢትዮ ቴሌኮም ግን ዛሬም በአብዛኛው የመንግሥት ነው፤ እርስዎም የመንግሥት ተሿሚ ነዎት። በሁለቱ መካከል የሚሰጥ ማንኛውም ውሳኔ፣ ፍጹም ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ተሸናፊው «በጓዳ ተጨርሶ ነው» ማለቱ አይቀርም። መዝገብ ከሌለ ሐሜቱን በምን ያስተባብላሉ? በ2017 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻ ለሕዝብ ሽያጭ ከቀረበ ወዲህ ደግሞ፣ ከቁጠባው ቀንሶ አክሲዮን የገዛ ሰውም የገንዘቡን ዕጣ የሚነካ ንግግር የት እንደተደረገ የማወቅ ጉዳይ አለው።

አዲስ አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ቀጣዩ ረቂቅ መመሪያ ለአስተያየት ሲወጣ፣ ስለ እርሱ ቢሮዎ መጥተው የተነጋገሩ ሰዎች ማስታወሻ በባለሥልጣኑ ድረ ገጽ ከረቂቁ ጎን ይለጠፍ። የአስተያየት መስጫው ጊዜ ከማለቁ በፊት ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ ለታሪክ ጸሐፊ ካልሆነ ለማንም አይጠቅምም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የስልክ ደንበኛ፣ ከአዲስ አበባ